ስለ ሸክላ ምስሎች ስያሜ

ስለ ጥንታውያን ሥልጣኔዎች የተጻፈ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ፣ በእጅ ተበጅቶ በእሳት የበሰለ ትንሽ የሰው ቅርጽ ሲያጋጥመው ሦስት ቃላት ወደ ብዕሩ ይመጣሉ፤ እነርሱም «ጣዖት»፣ «አሻንጉሊት» እና «ሐውልት» ናቸው። ሦስቱንም ያለ ምርመራ መቀበል አይገባም እንላለን።

በኤኳዶር በቫልዲቪያ ባህል ከ4,000 ዓመታት በፊት፣ በሜክሲኮም በትላቲልኮ ከ3,000 ዓመታት ገደማ በፊት የተሠሩት የሴት ቅርጾች ስለ ነበራቸው አገልግሎት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። «ጣዖት» ወይም «አሻንጉሊት» ብሎ የተረጐመ ሰው ክርክሩን በአንድ ቃል ዘግቶታል። «ሐውልት» ደግሞ የቆመንና የገዘፈን ነገር ያመለክታል። ለቆመ ድንጋይ አማርኛ ስም አላጣም፤ በላይ አርማጭሆ ያለችው ከተማ ራሷ ትክል ድንጋይ ትባላለች። በመዳፍ ለሚያዝ ሸክላ ግን ይህ ስም ይከብደዋል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በተባለው ስፍራ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ቁፋሮ ትንንሽ የሸክላ ሰዎችና እንስሳት ተገኝተዋል። ከጎንደር በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በወለቃም የቤተ እስራኤል ሴቶች ያለ መንኰራኵር፣ ጭቃውን በእጃቸው እያበጁ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን፣ መጽሐፍ የያዘ ካህንን፣ አንበሳን ይሠሩ ነበር።

እነዚህን ሠሪዎች ቋንቋችን እንዴት ጠራቸው? ወገኖቻቸው ከርስት ተነቅለው ወንዶቹ በብረት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ፣ የጥበብ ስም የሆነው «ጠቢብ» እንኳ በሕዝብ አፍ ከ«ቡዳ» ጋር ተጣምሮ መናቂያ ሆነ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ሙያውን ዛሬ በወለቃ የያዙት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ሰዎቹ ሄዱ፤ የመናቂያው ቃል ግን በቋንቋችን ቀረ።

ስለዚህ ለሥራው «የሸክላ ምስል»፣ ለሠሪዋ «ሸክላ ሠሪ» የሚሉትን እንመርጣለን። «ምስል» ዛሬ ሥዕልንና ፎቶግራፍን ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በትንቢተ ዳንኤል ናቡከደነፆር ያቆመው የወርቅ ሥራ በአማርኛው «ምስል» ተብሏል፤ ቃሉ ቅርጽ ላለው ሥራ እንግዳ አይደለም። «የሸክላ» የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት ጥርጣሬው ይወገዳል። አምልኮ መኖሩ በማስረጃ ከተረጋገጠ «ጣዖት» ማለት ይቻላል፤ ፍርዱ ከማስረጃው መቅደም ግን የለበትም።