ፎገራ፣ ካላዛርና የህንዱ መድኃኒት

ወረታ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ሩዝ ነው። በ2005 ግን ከፎገራና ከጎረቤቷ ሊቦ ከምከም የተሰማው ወሬ ሌላ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንሄዳለን)። ትኩሳቱ አልለቅ ያለ፣ ጣፊያው ያበጠ፣ የወባ መድኃኒት ያላሻለው ሰው በዛ። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። የሁመራና የመተማ ቆላ በሽታ ነው ሲባል የኖረው! ለቀን ሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደመጡ ይገመታል። እስከ 2007 ድረስ ከ2,400 በላይ ሕሙማንና 120 ሞት ተመዘገበ።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን (ጋዜጣው ሳይሆን ከተማዋ) ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕክምና ጀመሩ። የዘመኑ ዋና መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር፤ በየቀኑ መርፌ፣ ለ30 ቀን። ያድናል፤ ግን ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል፣ ኤችአይቪ ያለበትን ሰው ደግሞ እስከ መግደል ይደርሳል። ለፎገራ ገበሬ 30 ቀን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ክረምት ላይ ከዋለ የሩዙ አረም ማንን ይጠብቃል?

በ2006 ህንድ ፓሮሞማይሲን የተባለ ርካሽ መርፌ አጸደቀች። እዚያ በ21 ቀን ከ100 ሕሙማን 94 ያህሉ ድነውበታል። ታዲያ ለምን በማግስቱ ወረታ አልገባም? ሰው እየሞተ «ይፈተሽ» ማለት ጭካኔ ይመስላል። እኛም ይመስለናል።

ነገር ግን ያው የህንዱ መጠን በሱዳን፣ በኬንያና በአገራችን (ጎንደርና አርባ ምንጭ) ሲሞከር ያዳነው ከ100 ወደ 64 ሰው ብቻ ነው። በሱዳኖቹ ጣቢያዎች ከግማሽም በታች ወረደ። የተማረርንበት አሮጌው መርፌ 92 አድኗል። ሳይፈተሽ ቢታደል ኖሮ ስንቱ «ድነሃል» ተብሎ ወደ ቤቱ ሄዶ በሽታው ያገረሽበት ነበር? ተመራማሪዎቹ ሁለቱን መርፌዎች አጣመሩ፤ በ17 ቀን ከ100 ሰው 91 ዳነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ይሁን አለ።

ስለዚህ ፍተሻውን አንወቅስም። የምንወቅሰው ሌላ ነው። ፓሮሞማይሲን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ መድኃኒት ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት መደርደሪያ ላይ ያስቀረው ጥብቅ ተቆጣጣሪ ሳይሆን በሽተኛው ድሃ መሆኑ ነው፤ ለድሃ ብሎ ሙከራ የሚከፍል ኩባንያ የለማ።

ኤችአይቪም ካላዛርም ያለባቸው ደግሞ ከዚህም በላይ ጠብቀዋል። ለእነሱ የተለየው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የወጣው በ2022 ነው፤ ሙከራውም የተካሄደው እዚሁ፣ ጎንደርና አብደራፊ ላይ ነበር።