አምባዛ፣ አንበጣ እና አከርካሪ፦ ከናታንያ ዳርቻ የታየ የእንስሳት አመዳደብ

ናታንያ ላይ ዓሣ የሚገዛ ከጎንደር የመጣ ቤተ እስራኤላዊ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚያየው ቅርፊቱን ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከውኃ እንስሳት ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን ብቻ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከጣና ዓሣዎች ቆሮሶ ይበላል፣ ቆዳው ልሙጥ የሆነው አምባዛ ግን ይቀራል። ያው አምባዛ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪየፒነስ፣ በገሊላ ባሕርም ይኖራል፤ ሕጉም ዓሣውም ከስደተኛው ቀድመው እዚያ ነበሩ።

ሥነ ሕይወት አምባዛን ከቆሮሶ አይነጥልም። የሁለቱም ጀርባ ሲከፈት ከራስ ቅል እስከ ጅራት የተደረደሩ፣ ሕብለ ሰረሰርን አቅፈው የያዙ አጥንቶች ይገኛሉ። ያው ምዕራፍ እንዲበላ የሚፈቅደው አንበጣ ግን አከርካሪ የለውም፤ ሰውነቱን የሚደግፈው ከውጭ የለበሰው ጠንካራ ሽፋን ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡት አንዱ ስለተሳሳተ አይደለም። ኦሪት የሚበላውንና የማይበላውን ይለያል፣ ሥነ ሕይወት ደግሞ የአካልን አሠራርና የዘር ሐረግን ይመረምራል።

አርስቶትል እንስሳትን ደም ያላቸውና የሌላቸው ብሎ ከፍሎ ነበር። አከርካሪን መለያ አድርጎ ክፍፍሉን ያጸናው በ1801 እ.ኤ.አ. ስለ አከርካሪ አልባዎች መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ላማርክ ነው። እኔ የምሞግተው የክፍፍሉን ሁለተኛ ወገን ነው። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ወፍና አጥቢ እንስሳ ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት የወረዱ ዘመዳሞች ናቸው። ትል፣ ሸረሪት፣ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ግን አንድ ስም የተሰጣቸው አከርካሪ ስለሌላቸው ብቻ ነው። ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ከመቶ 95 የሚበልጡት በዚህ ስም ሥር ተከማችተዋል።

የናታንያ ባሕር ይህን በግልጽ ያሳያል። በበጋ ዋናተኞችን የሚለበልበው ሜዱዛ፣ ሮፒሌማ ኖማዲካ፣ አጥንትም አንጎልም የለውም። በእስራኤል የሜዲትራንያን ዳርቻ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖረው ሄርድማኒያ ሞሙስ የተባለው እንስሳም ሲያዩት ውኃ ከሚመጥ ከረጢት አይለይም። ሁለቱም ከቀይ ባሕር ወገን የመጡ ናቸው። ሄርድማኒያ ግን በእጭነቱ ጅራት አለው፤ በጅራቱ ውስጥ ኖቶኮርድ የተባለ፣ በእኛም ፅንስ ከአከርካሪ ቀድሞ የሚታይ ደጋፊ ዘንግ ተዘርግቷል። ድንጋይ ላይ ሲጣበቅ ጅራቱን ከነዘንጉ ያጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ለባለ አከርካሪዎች ከሁሉ የሚቀርበው ሄርድማኒያ የሚመደብበት ወገን መሆኑን አመልክቷል። የትምህርት ቤት ሰንጠረዥ ከሜዱዛ ጎን የጻፈው ይህ ከረጢት በዝምድና የሚቀርበው ለአምባዛና ለእኛ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ሰንጠረዡን ከማስጠናታችሁ በፊት አንድ ዓሣ ክፈቱና ልጆቹ አከርካሪውን በጣታቸው ይዳስሱት።