ግልጽ ነው የተባለው ጤፍ

ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የካ ሚካኤል አንግሼ ስመለስ፣ ኅዳር ሲታጠን የሚነሣው ጢስ የእንጦጦን ግርጌ ሸፍኖት ነበር። በዚያው ዕለት ሄግ ላይ በጤፍ ጉዳይ ፍርድ መሰጠቱን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

የነገሩ አንድ ጫፍ እዚሁ የካ ነው። ዛሬ በክፍለ ከተማችን የሚገኘው የብዝኃ ሕይወት ተቋም (እኔ ብር በሚቀመጥበት ባንክ እሠራለሁ፤ እርሱ ዘር ያስቀምጣል) እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍን ጥቅም ለመጋራት ተዋዋለ። ኩባንያው ግን ቀደም ብሎ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት ጠይቆ ነበር፤ በ2007 ተሰጠው። በ2009 ሲከስር ውሉ መከነ፤ መብቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ።

ፈጠራ የተባለው ምን ነበር? ጤፍ ከታጨደ በኋላ ሳምንታት ዐርፎ ቢፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይበጃል የሚል ነው። ታዲያ ጎተራ ለምን ተሠራ?

መብቱን ፍርድ ቤት ያደረሰው የሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ጠብ ነው፤ ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም። ዳኞቹ በሙያው ላለ ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ፈጠራ አይባልም በሚለው ሕግ መዝነው በኔዘርላንድ ሻሩት።

እኔም ከሰው ጋር እልል ብያለሁ። ሆኖም ፍርዱ ጤፍን የኛ ነው አላለም። ለመርታት የአያቶቻችን ጥበብ «ግልጽ» መባል ነበረበት፤ ይህ እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል። ከዚያ ውል አገራችን ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ለውጬ፣ ደግሜ ቆጠርሁት።