የፈረስ ስምና የጦር ሜዳ መፈክር

ጦርነት የሚካሄደው በጎራዴና በጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ በቃልም ጭምር ነው። ተዋጊው ከቤቱ ሲነሣ የሚይዘው፣ በውጊያ መካከል የሚጠራው፣ ሲወድቅም ለልጆቹ የሚያወርሰው ቃል አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ የዚህ ቃል ዋነኛ መገለጫ የፈረስ ስም ነበር።

ባለፈረሱ ለፈረሱ ያወጣውን ስም «አባ» በሚል ቅጽል ለራሱ ይወስደዋል። «አባ» በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም አባት፣ ባለቤት ማለት በመሆኑ ልማዱ ሁለቱንም ሕዝቦች ያገናኛል። ከጊቤ ነገሥታት አንዱ የሆኑት አባ ጅፋር ዛሬም የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል።

እነዚህ ስሞች በአንድ ቃል የተጠቀለሉ መፈክሮች ናቸው። «ታጠቅ» ትእዛዝ ነው፤ «ዳኘው» የገዥነትና የፈራጅነት ማስታወቂያ ነው። «በዝብዝ» ደግሞ ጠላትን ለማስፈራት የተባለ ቢሆንም፣ ደመወዝ የሌለውን ሠራዊት ከጎተራው ይቀልብ ለነበረው ጭቁን ገበሬ የዘመቻን እውነተኛ ገጽታ የሚናገር ቃል ነበር።

የፈረስ ስም የግል ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጭፍራው ሲፎክር ራሱን የጌታው የፈረስ ስም አሽከር አድርጎ ስለሚጠራ፣ የአንድ ሰው ስም የሺዎች መሰብሰቢያ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ፉከራ በምስክሮች ፊት የሚገባ ቃል ኪዳን ነው። በግብር አዳራሽ የፎከረ ሰው በማግሥቱ በሜዳ ይጠየቅበታል። ፊታውራሪ ገበየሁ፣ አባ ጎራ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ወደቁ። በዚያው ጦርነት በመድፈኛነት ስማቸው የተጠራው ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በ1929 ዓ.ም. በሽምግልና ዕድሜያቸው ከፋሽስት ወራሪ ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ይሁን እንጂ ፈረስ ያልነበረው እግረኛ፣ ስንቅ ተሸክማ የዘመተችውም ሴት ከእነርሱ እኩል ሲወድቁ፣ የሚጠሩበት ስም በታሪክ አልተመዘገበላቸውም።

ዘመናዊ ጦር ሲቋቋም አሮጌው ቃል አልጠፋም፤ ከግለሰብ ወደ ተቋም ተሸጋገረ እንጂ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ የራስ መኰንንን የፈረስ ስም ይዞ «ቃኘው» ተባለ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ከየክፍለ ሀገሩ የተጠራው ሚሊሺያ የሠለጠነበት ሰፈርም «ታጠቅ» ይባል ነበር። ከዚያ የወጣው ገበሬ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» እያለ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ጅጅጋ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ብዙዎች ቃሉን በደማቸው አጽንተውት ነበር።

ያው መፈክር ግን በሰሜን፣ የአንድ ሀገር ልጆች እርስ በርስ በተጋደሉበት ጦርነት፣ ለዓመታት ሲደጋገም ኃይሉ እየመነመነ ሄደ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የመፈክሩ ዋና ጠሪ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሀገር ወጡ፤ ሲፎክርበት የኖረው ወታደር በየምሽጉ ቀረ።

የፈረስ ስም ባለቤት ነበረው፤ ቃሉ ቢታጠፍ የሚያፍርበት ሰው ይታወቅ ነበር። የአደባባይ መፈክር በብዙዎች አንደበት ስለሚያልፍ ተጠያቂው በቀላሉ ይሰወራል። እንግዲህ የጦርነትን ቃል ለትውልድ የሚያስተምር መምህር፣ በመድረክ የሚያሰማም ከያኒ፣ ቃሉ ምን ያህል እንደ ጋለ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ተናገረውና ማን ዋጋውን እንደ ከፈለ አብሮ ሊያሳይ ይገባዋል።