ዜና አርመን ዘአዲስ አበባ

በአገራችን ልማድ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ይይዛል፤ እርሱም በተራው ሲወልድ የአያትየው ስም ከልጁ መጠሪያ ይወጣል። በአዲስ አበባ ግን ሦስትና አራት ትውልድ ሳይለወጡ የኖሩ፣ መጨረሻቸው «ያን» የሆነ ስሞች አሉ። እነዚህ ስሞች ከወዴት እንደመጡና በምን ሥራ እንደጸኑ በየዘመናቸው ተራ እንጽፋለን።

አርመኖች ከኢትዮጵያ ጋር የተዋወቁት ከተማይቱ ሳትቆረቆር ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ሕፃን ሳሉ፣ ንግሥት እሌኒ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ነጋዴ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩት። እርሱም በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝቦን ደረሰ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ወርዶ ሲመለስ ግን ከንጉሡ ፊት ሳይደርስ በደብረ ቢዘን ዐረፈ። ሁለቱ ሕዝቦች በሃይማኖት አንድ ስለነበሩ በኢየሩሳሌምም ሁለቱም ገዳም ስላላቸው፣ አርመን በኢትዮጵያ እንደ ባዕድ አልታየም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባለሙያዎች መጡ። ወርቅ አንጥረኛው ዲክራን ኤበያን ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሠራ። ነጋዴው ሰርኪስ ተርዚያን ደግሞ መንገድ የሚደመድም በእንፋሎት የሚሄድ መኪና አመጣ። ብረቱ እያጓራና እየጨሰ ሲመጣ ያየ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ ስሙንም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1897 ዓ.ም. ገደማ ከዲያርባክር የመጣው ቤድሮስ ቦያጂያንም የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ለልጆቹ ተላለፈ።

የእነዚህ ሰዎች ስም የአያቶቻቸውን ሥራ ይናገራል። «ያን» በእኛ «ወልደ» እንደምንለው የዘር ምልክት ነው። ተርዚያን የልብስ ሰፊ ዘር፣ ቦያጂያን የቀለም ነካሪ ዘር፣ ናልባንዲያን ለፈረስ የብረት ጫማ የሚመታ ሰው ዘር ማለት ነው። ቦጎሲያን ደግሞ የቦጎስ ዘር ነው፤ ቦጎስም እኛ ጳውሎስ የምንለው ነው።

ከዚያም በ1907 ዓ.ም. የኦቶማን መንግሥት በአርመን ሕዝብ ላይ ፍጅት ጀመረ፤ ብዙ ሕፃናትም ያለ አባትና ያለ እናት ቀሩ። በ1916 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ በወረዱ ጊዜ፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ማርሽ ሲነፉ ሰሙ። አልጋ ወራሹም ከፓትርያርኩ አስፈቅደው 40ውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን፣ ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በደረሰው ግጥም ላይ የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ አወጣ። ይህም መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት በዓል ተሰማ፤ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መውረድም የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ከእርሱ በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ።

በ1929 ዓ.ም. እስክንድር ቦጎሲያን አዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ የክብር ዘበኛ ኮሎኔል ኮስሮፍ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ነች። በእኛ ልማድ «እስክንድር ኮስሮፍ» በተባለ ነበር። እርሱ ግን በቅድመ አያቶቹ ስም ተጠርቶ፣ በብራና ላይ የግዕዝ ፊደልንና የጠልሰምን መልክ እየሣለ ስሙን ከኢትዮጵያ ሥዕል ጋር አስተሳሰረው። በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ዘመናት አስተምሮ በ1995 ዓ.ም. ዐረፈ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎችንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ብዙ አርመን ወደ አሜሪካና ካናዳ ተሰደደ፤ በከተማይቱ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ «ያን» ያለበትን ስም የምትይዙ የከተማይቱ ልጆች ሆይ፣ አያታችሁ ከየት ከተማ እንደተነሣና በምን ሙያ እንደኖረ ለልጆቻችሁ በጽሑፍ አስረክቡ። የአዲስ አበባን ታሪክ የምትጽፉም መንገዷን የደመደመውን፣ መዝሙሯን ያዜመውንና ነገሥታቷን በፎቶግራፍ ያስቀረውን ሰው በሙሉ ስሙ ጻፉት፤ የከተማይቱ ዜና ያለ እርሱ ምሉዕ አይሆንምና።