ቁጥር 3 የማን ነው? የአለን ጉትማን ንድፈ ሐሳብና የናስካር የሐዘን ሥርዓት

መግቢያ

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2001 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፍሎሪዳ በተካሄደው የዴይቶና 500 ውድድር የመጨረሻ ዙር፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ፣ ቁጥር 3 የተጻፈባት ጥቁር ሸቭሮሌት ከግንቡ ጋር ተላተመች። አሽከርካሪው ዴል ኧርንሃርት በዚያው ሞተ። ሰባት ጊዜ የአሜሪካው የመኪና ውድድር ድርጅት የናስካር ሻምፒዮን የሆነ፣ 76 ውድድሮችን ያሸነፈ ሰው ነበር። ቀብሩ ሳይፈጸም ጀምሮ ደጋፊዎቹን፣ ጋዜጠኞችንና የቡድን ባለቤቶችን የከፋፈለ ጥያቄ ተነሣ፦ ናስካር ቁጥር 3ን ለዘለዓለም ይዝጋ ወይስ አይዝጋ?

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ቁጥሩ መዘጋት አልነበረበትም። ለ13 የውድድር ዘመናት በዋናው ውድድር ያለ አገልግሎት መቆየቱ፣ ከዚያም ለቤቱ ልጅ መሰጠቱ ግን ተገቢ ነበር። ጉዳዩ ከደጋፊዎች ክርክር ከፍ ብሎ የምሁራንን ትኩረት የሚሻው፣ ስለ ዘመናዊ ስፖርት ለብዙ ዓመታት የተቀበልነውን አንድ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ስለሚያናጋ ነው።

ስለ ናስካር ታሪክ በቂ ተጽፏል። ዳንኤል ፒርስ በ2010 ያሳተሙት ሥራ የስፖርቱን መነሻ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችና የድርጅቱን መሥራች የፍራንስ ቤተሰብን ሚና አጥጋቢ በሆነ መንገድ ያሳያል፤ ከእርሳቸው ጋር ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከአለን ጉትማን ጋር ነው።

የጉትማን መከራከሪያ

ጉትማን በ1978 ባሳተሙትና ከአምልኮ ሥርዓት ወደ ክብረ ወሰን የተደረገውን ጉዞ በሚተርከው ታዋቂ መጽሐፋቸው፣ ዘመናዊ ስፖርትን ከጥንታዊው የሚለዩ ሰባት ባሕርያትን ዘርዝረዋል። እነዚህም ዓለማዊነት፣ የመወዳደር ዕድል እኩልነት፣ በአንድ ሚና ላይ ማተኮር፣ ምክንያታዊ አሠራር፣ ቢሮክራሲ፣ ሁሉን በቁጥር መለካትና ክብረ ወሰን ማሳደድ ናቸው። እንደ እርሳቸው አባባል ጥንታውያን ግሪኮች አማልክትን ለማስደሰት ሮጡ፤ የዛሬ ሰው ግን ዘላለማዊነትን የሚፈልገው በክብረ ወሰን መዝገብ ውስጥ ነው። መጽሐፉ የስፖርት ታሪክ ጥናት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው፤ ክብሩንም አልነፍገውም። ነገር ግን የቁጥር 3 ታሪክ ከሰባቱ ባሕርያት ቢያንስ ከአራቱ ጋር ይጋጫል።

የመጀመሪያው ግጭት ራሱ ቁጥር ላይ ነው። ለጉትማን በስፖርት ውስጥ ያለ ቁጥር መለኪያ ነው፤ ሰዓት፣ ርቀት ወይም ነጥብ ይሆናል። በመኪና በር ላይ የተጻፈው 3 ግን ምንም አይለካም። ከ2 አይበልጥም፤ ከ43 አያንስም። ሊደመርም ሆነ ሊሰበር አይችልም። ጉትማን ትክክል ቢሆኑ ኖሮ የኧርንሃርት ዘላለማዊነት 76 በሚለው ቁጥር ላይ ባረፈ ነበር። ያ ቁጥር ግን ቆየት ብሎ ታልፏል፤ ጄፍ ጎርደን 93፣ ጂሚ ጆንሰን ደግሞ 83 ድሎችን አግኝተዋል። ጆንሰን በ2016 በሰባት ሻምፒዮናም ተስተካክሎታል። የኧርንሃርት ክብር ግን በዚህ አልቀነሰም። በ2007 በፊኒክስ ጎርደን 76ኛ ድሉን ባገኘ ጊዜ ያደረገው ነገር ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ይናገራል፦ በድል ዙሩ ላይ ቁጥር 3 ያለበትን ሰንደቅ ይዞ ዞረ። ክብረ ወሰኑን የሚስተካከለው ሰው ለሟቹ ዕዳውን የከፈለው በሚለካው ቁጥር ሳይሆን በማይለካው ነው። በሳምንቱ ታላዴጋ ላይ 77ኛውን ሲያሸንፍ ተመልካቾች ጣሳ ወርውረውበታል የሚል ካለ፣ ሕዝቡ በጎርደን ላይ ጣሳ መወርወር የጀመረው ከዚያ በፊት መሆኑን ያስታውስ።

ሁለተኛው ግጭት ቢሮክራሲን ይመለከታል። በናስካር ቁጥር የአሽከርካሪው ሀብት አይደለም። ድርጅቱ ለመኪናው ባለቤት በየዓመቱ በፈቃድ የሚሰጠው ነው። ስለዚህም ኧርንሃርት የመጀመሪያ ሻምፒዮናውን በ1980 ያገኘው በቁጥር 2 ነበር፤ በ1982 እና በ1983 ደግሞ በቁጥር 15 ተወዳድሯል። ልጁ ዴል ጁኒየርም በ2008 ቡድን ሲቀይር የሚታወቅበትን ቁጥር 8 ይዞ መሄድ ስላልቻለ ቁጥር 88ን ያዘ። ሁሉም ነገር በመዝገብና በፈቃድ የሚመራ ከሆነ አሽከርካሪው የሞተበት ቁጥር ለቀጣዩ አመልካች መሰጠት ነበረበት። አልተሰጠም። የኧርንሃርት ቡድን ባለቤት ሪቻርድ ቺልድረስ የቡድኑን ቁጥር ወደ 29፣ የመኪናውንም ቀለም ከጥቁር ወደ ነጭ ቀየረ፤ መሪውንም ለወጣቱ ኬቪን ሃርቪክ ሰጠ። ሃርቪክ ከሦስት ሳምንት በኋላ አትላንታ ላይ ጎርደንን በ0.006 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። ቁጥሩን እንዲቀይር ቺልድረስን ያስገደደ አንድም ደንብ አልነበረም። ደንቡ በማያዝበት ቦታ ያዘዘው ሌላ ነገር ነበር።

ሦስተኛው ግጭት በእኩልነት ላይ ነው። ጉትማን በዘመናዊ ስፖርት የመወዳደር ዕድል ከዘር ወደ ችሎታ ተሸጋግሯል ይላሉ። በ2014 ቁጥር 3ን ወደ ዋናው የናስካር ውድድር የመለሰው ግን የቺልድረስ የልጅ ልጅ ኦስቲን ዲሎን ነው። ችሎታ አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ በ2011 በጭነት መኪኖች፣ በ2013 ደግሞ በሁለተኛው ደረጃ ውድድር ሻምፒዮን ሆኗል። ሁለቱንም ያሸነፈው ቁጥር 3ን ይዞ ነው። ይሁን እንጂ ደጋፊዎች ቁጥሩን በእርሱ ላይ የተቀበሉት በዋንጫው ብቻ አልነበረም። ኧርንሃርት በ1998 ዴይቶና 500ን ሲያሸንፍ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የሰባት ዓመቱ ዲሎን በድል አደባባይ አብሮ ቆሞ ይታያል። ያ ፎቶግራፍ እንደ ውርስ ማስረጃ ነበር።

አራተኛውና ዋናው ግጭት ዓለማዊነትን የሚመለከት ነው። ጉትማን በዘመናዊ ስፖርት ውስጥ ሃይማኖት መሰል ስሜት መኖሩን አይክዱም፤ ነገር ግን ከዳር የሚታይ ስሜት ብቻ አድርገው ያልፉታል። በ2001 በውድድሮቹ ሦስተኛ ዙር ላይ ሕዝቡ ተነሥቶ ሦስት ጣቱን ሲያነሣ የታየው ግን ከስሜት ያለፈ ነበር። የታወቀ ጊዜ፣ የታወቀ ምልክትና የታወቀ አቋቋም ያለው ሥርዓት ነበር።

የተዘነጋው ምንጭ

ጉትማን ያላዩትን ለማየት ከእርሳቸው 71 ዓመት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ሮቤር ኤርትዝ በ1907 ስለ ሞት የጋራ እሳቤ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። በ1915 በጦር ሜዳ ሞቱ፤ ሥራቸውም በስፖርት ጥናት ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። ኤርትዝ በዋናነት የቦርኒዮ ዳያክ ሕዝቦችን የቀብር ልማድ በመመርመር የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ለማኅበረሰብ ሞት የአንድ ቅጽበት ክስተት አይደለም። በመጀመሪያው ቀብርና በመጨረሻው ሥርዓት መካከል የመቆያ ዘመን አለ፤ በዚያ ዘመን ሟቹም ሐዘንተኞቹም ከተለመደው ኑሮ ውጪ ይሆናሉ። ሁለተኛው ሥርዓት ሲፈጸም ሟቹ ከአባቶቹ ጋር ይቀላቀላል፤ ሕያዋንም ወደ ኑሯቸው ይመለሳሉ። ከአርባ እስከ ሙት ዓመት ያለውን ጊዜ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

የቁጥር 3 ታሪክ ከዚህ ሥዕል ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። በ2001 ቁጥሩ ከዋናው መድረክ ተነሣ፤ ቀለሙም ተቀየረ። ቀጥሎ የመቆያው ዘመን መጣ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ የታየው በዝቅተኛ ደረጃ ውድድሮች፣ በዋናነትም በቤተሰቡ ወይም በቡድኑ ልጆች እጅ ነበር። ዴል ጁኒየር በ2002 እና በጁላይ 2010 ዴይቶና ላይ በሁለተኛው ደረጃ ውድድር በቁጥር 3 አሸነፈ፤ ከሁለተኛው ድል በኋላም ከእንግዲህ በዚህ ቁጥር እንደማይወዳደር ተናገረ። ልጅ የአባቱን ሐዘን በራሱ እጅ ዘጋ ማለት ነው። ከዚያ በዲሴምበር 2013 የቁጥሩ መመለስ በይፋ ተነገረ። በ2014 ዲሎን በዴይቶና 500 የማጣሪያ ሰዓት አንደኛ ወጥቶ ከፊት ተነሣ፤ በ2018 ደግሞ ኧርንሃርት ካሸነፈ ልክ በ20ኛው ዓመት ያንኑ ውድድር በዚያው ቁጥር አሸነፈ። ሁለተኛው ሥርዓት የተፈጸመው ያኔ ነው።

ሌሎች ማስረጃዎች

ቁጥር 3 ብቸኛ ምሳሌ አይደለም። ፋየርቦል ሮበርትስ በ1964 በደረሰበት የእሳት አደጋ ከሞተ በኋላ ቁጥር 22 በሌሎች እጅ ኖሮ፣ በጆይ ሎጋኖ መኪና ላይ በ2018፣ በ2022 እና በ2024 ሻምፒዮን ሆኗል። ዴቪ አሊሰን በጁላይ 1993 በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኧርኒ ኧርቫን በአሊሰን ቁጥር 28 ማርቲንስቪል ላይ አሸነፈ። ሪቻርድ ፔቲ በ1992 ከውድድር ሲሰናበት ቡድኑ ለአንድ ዓመት ቁጥር 44ን ተጠቀመ፤ በ1994 ግን 43 ተመለሰ፤ በ2022 ኤሪክ ጆንስ በዳርሊንግተን በዚሁ ቁጥር አሸንፏል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የአዳም ፔቲ ታሪክ ነው። የሪቻርድ የልጅ ልጅ፣ የአራተኛው ትውልድ አሽከርካሪ የነበረው አዳም በሜይ 2000 በኒው ሃምፕሻየር የልምምድ አደጋ ሞተ። ቁጥሩ 45 ነበር። አባቱ ካይል ያን ቁጥር ከመዝጋት ይልቅ በራሱ መኪና ላይ ጻፈው፤ ለዓመታትም የልጁን ቁጥር ይዞ ተወዳደረ። አባት የልጁን ቁጥር የወረሰበት ስፖርት ስለ ሐዘን ምን እንደሚያምን በግልጽ ተናግሯል። በእነዚህ ሁሉ የመቆያው ዘመን ርዝመት ይለያያል፤ መመለሱ ግን አይለያይም።

መዝጋት ሊጠፋ የሚገባውን ሳይሆን ሊኖር የሚገባውን ያጠፋል። ቁጥር 3 በኧርንሃርት አልተጀመረም። ዴቪድ ፒርሰን በ1961፣ ጁኒየር ጆንሰን በ1963 በዚህ ቁጥር አሸንፈዋል። ቺልድረስ ራሱ በዚሁ ቁጥር ይነዳ ነበር፤ በ1981 መቀመጫውን ለኧርንሃርት ለቀቀ። ኧርንሃርት ለሁለት ዓመት ሲሄድ ሪኪ ረድ ያዘው፤ በ1983 ለቡድኑ የመጀመሪያውን ድል ያመጣውም ረድ ነው። ቁጥሩ በ2001 ቢዘጋ ኖሮ የእነዚህ ሁሉ መስመር አብሮ በተቆረጠ ነበር።

ተቃውሞዎች

የቤዝቦል ሊግ በ1997 የጃኪ ሮቢንሰንን ቁጥር 42 በሁሉም ቡድኖች ዘግቷል ይባላል። ያ የተደረገው የቀለም መድልዎን ግንብ ላፈረሰ ሰው ነው፤ ለሞት አደጋ መታሰቢያ አልነበረም።

ፎርሙላ 1 በ2015 የሟቹን አሽከርካሪ የጁልስ ቢያንኪን ቁጥር 17 ዘግቷል። በፎርሙላ 1 ከ2014 ጀምሮ ቁጥሩ የአሽከርካሪው የግል ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ማረፉ ሥርዓቱን ይከተላል። ናስካር እንደዚያ አይደለም።

ናስካር ራሱ በሞዲፋይድ ውድድሩ የሪቺ ኢቫንስን ቁጥር 61 ዘግቷል። ዘጠኝ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ኢቫንስ በኦክቶበር 1985 ማርቲንስቪል ላይ ሞተ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ያን ውሳኔ ከዚያ ወዲህ በዋናው ውድድር ላይ ለማንም አልደገመም፤ በ2001 ምሳሌው በእጁ እያለ እንኳ። ያልተደገመ ልዩ ሁኔታ ልማድ አይሆንም።

የቁጥሩ መመለስ ለሸቀጥ ንግድ ነው የሚሉም አሉ። የተዘጋ ቁጥርም በካናቴራና በባርኔጣ ይሸጣል፤ ንግዱ ሁለቱንም ወገን ስለሚያገለግል አንዱን ለመውቀሻ አይበቃም።

በእርግጥ ይህ ጥናት ጥቂት ምሳሌዎችን ስለያዘ ድምዳሜው በጥንቃቄ መወሰድ አለበት፤ የኤርትዝ ንድፈ ሐሳብም ለሞተር ስፖርት የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን ከ1964 እስከ 2024 ያሉት ማስረጃዎች በአንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ፣ ጥንቃቄ ግልጹን ነገር ላለመናገር ምክንያት ሊሆን አይገባም።

መደምደሚያ

የኧርንሃርት ሞት ለስፖርቱ ያተረፈለት ነገር በበሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይበልጣል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የአንገትና የራስ መጠበቂያ መሣሪያ ግዴታ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመትም ግጭትን የሚያለዝብ ግንብ በመወዳደሪያ ሜዳዎች መተከል ጀመረ። ከእርሱ ወዲህ በናስካር ዋና ውድድር ላይ በአደጋ የሞተ አሽከርካሪ የለም። ዲሎን ቁጥር 3ን ይዞ በዚያው መታጠፊያ የሚያልፈው በዚህ ጥበቃ ሥር ነው። የተዘጋ ቁጥር ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ የሚሮጥ ቁጥር ግን በየሳምንቱ ያሳየዋል።

ስለዚህ ናስካር ቁጥር የመዝጋት ሥልጣን ሊፈልግ አይገባም። የሚያስፈልገው አንድ ቀላል መከላከያ ነው፦ አሽከርካሪው የሞተበት ቡድን ቁጥሩን ሳይወዳደርበት፣ ሳይነጠቅም፣ የፈለገውን ያህል ዓመት የማቆየት መብት በደንብ ይሰጠው፤ መቼና ለማን እንደሚመለስ ደግሞ ቡድኑና የሟቹ ቤተሰብ ይወስኑ። ቺልድረስና የኧርንሃርት ልጅ ይህን ያለ ደንብ አድርገውታል። ቀጣዩ ሐዘንተኛ ግን በሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም።