የተሽከርካሪ ዕቃዎችን ከቅባት ማጽዳትና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

የሞተር፣ የካምቢዮና የፍሬን ክፍሎችን ፈትቶ ከግራሶና ከተቃጠለ ዘይት ማጽዳት በጋራዦች ብቻ ሳይሆን በመኖሪያ ግቢዎችም የሚከናወን ሥራ ነው። ለዚሁ ተግባር በቤንዚን መጠቀም የተለመደ ቢሆንም፣ ልማዱ በሕይወትና በንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ነው።

የአደጋው ዋነኛ ምንጭ ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ተን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ተቀጣጣይ ተን ያመነጫል። ተኑ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ መሬት ለመሬት ተስቦ በጋራዥ ጉድጓድና በዝቅተኛ ሥፍራ ይጠራቀማል። በመሆኑም ራቅ ብሎ የተቀመጠ የቡና ከሰል ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ማብሪያ ብልጭታ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ነጭ ጋዝ በአመዛኙ ከ38 ዲግሪ፣ ናፍጣ ደግሞ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቁ ተቀጣጣይ ተን ስለማያመነጩ ከቤንዚን የተሻሉ ናቸው። ሆኖም በግፊት ሲረጩ ወይም በጋለ ሞተር ላይ ሲፈሱ እነርሱም ይቀጣጠላሉ። ይበልጥ አስተማማኙ ዘዴ ቅባቱን አስቀድሞ ፍቆ በማንሳት፣ ዕቃውን በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ወይም በውሃ በሚሟሟ የቅባት ማጽጃ ማጠብ ነው። የታጠበው ብረት እንዳይዝግ ወዲያውኑ ደርቆ ስስ ዘይት ሊቀባ ይገባል።

ኮስቲክ ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ከማቃጠሉም በላይ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቴስታታን እየበላ ተቀጣጣይ ሃይድሮጂን ያመነጫል። ክሎሪን ያለባቸው የፍሬን ማጽጃዎች በደንብ ሳይደርቁ ዕቃው ከተበየደ ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል።

ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ደጅ፣ ነዳጅ በሚቋቋም ጓንትና በመነጽር መከናወን አለበት። በቅባት የራሰ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጣል። ነዳጅን በውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥ ለሕፃናት እጅግ አደገኛ ነው። ነዳጅ የጠጣ ሕፃን ፈሳሹ ወደ ሳንባው እንዳይገባ እንዲያስመልሰው ሳይደረግ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። የቤንዚን እሳት ሲነሳም ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ስለሚያሰራጨው የዱቄት ማጥፊያ ወይም አሸዋ መጠቀም ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የራሳቸው ጋራዥ ያላቸውን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ይመለከታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አካባቢን መበከል ይከለክላል። በመሆኑም ያገለገለ ማጽጃ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ ሳይደፋ በታሸገ በርሜል ተጠራቅሞ በአግባቡ መወገድ ይኖርበታል።